የብረት ስንጥቅ መፈለጊያውን ወደ ሕሙማን አልጋ ያመጡት ሐኪም

አልትራሳውንድ የሚለው ስም ዛሬ ለከተሜውም ለገጠሬውም እንግዳ አይደለም። ነፍሰ ጡር እናት ለክትትል ወደ ጤና ተቋም ስትሄድ ሆዷ ላይ ቀዝቃዛ ቅባት ይቀባል፤ ባለሙያው በመዳፉ የያዛትን መሣሪያ ከወዲያ ወዲህ ሲያንሸራትት በማሳያው ላይ የጽንሱ ራስና የልቡ ምት ብቅ ይላል። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ደግሞ ያው መሣሪያ በትንሽ ጋሪ ላይ ሆኖ ትንፋሽ ወዳጠረው ሕፃን አልጋ ተገፍቶ ይመጣል። ሕፃኑ ከተኛበት ሳይነሣ፣ ገላው በስለት ሳይነካ፣ ሐኪሙ የልቡን አመታት፣ በሳንባው ዙሪያ የተጠራቀመውን ፈሳሽ፣ የሆድ ዕቃውን ሁኔታ በደቂቃዎች ውስጥ ይመለከታል።

ይህ መሣሪያ በመጀመሪያ ሲታሰብ ግን ለሰው ገላ አልነበረም። ቦይለር በሚባሉት ግዙፍ የእንፋሎት ማመንጫ ጋኖች ብየዳ ውስጥ የተደበቀ ስንጥቅ ለመፈለግ ያገለግል ነበር። ከፋብሪካ አውጥተው ከታማሚ ጎን እንዲቆም ካደረጉት ሰዎች መካከል ስማቸው ከፊት የሚነሣው የማኅፀንና የጽንስ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ኢያን ዶናልድ ናቸው።

ኢያን ዶናልድ እ.ኤ.አ ዲሴምበር 27 ቀን 1910 በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ በምትገኘው በኮርንዎል አውራጃ፣ ሊስካርድ በተባለች ትንሽ ከተማ ተወለዱ። የዘር ሐረጋቸው ከስኮትላንድ የሚመዘዝ ሲሆን አባታቸው ሐኪም፣ እናታቸው ደግሞ በአደባባይ ፒያኖ የምትጫወት ባለሙያ ነበሩ። ሁለቱም ነገር በልጃቸው ላይ ቀርቷል። ሕክምናውን ከአባታቸው ወረሱ፤ ሙዚቃውም እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ከቤታቸው አልጠፋም።

ከልጅነታቸው ከፊሉን ያሳለፉት ቤተሰቡ በሄደበት በደቡብ አፍሪካ ነው። በዚያም ሳሉ እ.ኤ.አ በ1927 መከራ ቤታቸውን አንኳኳ። በአገራችን ዘጊ አናዳ የሚባለው፣ በሐኪሞች ዘንድ ዲፍቴሪያ በመባል የሚታወቀው የጉሮሮ በሽታ እናትንና ልጆችን በአንድ ጊዜ ያዘ። እናት ከሕመሙ ሳይነሡ አረፉ። አባትም ወራት ሳይቆዩ ተከተሏቸው። በዚያ ዘመን ዘጊ አናዳ እንደዛሬው በክትባት የሚገታ ሳይሆን፣ የገባበትን ቤት ሁሉ ጥቁር የሚያለብስ ደዌ ነበር። ያን ጊዜ ኢያን ገና የ16 ዓመት ጎረምሳ ነበሩ። ትምህርታቸውን ሳያቋርጡ በኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ቋንቋና ሙዚቃ ተምረው በ1930 የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን አገኙ። ከዚያም ወደ ለንደን ተመልሰው በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የሕክምና ትምህርት ቤት ገቡ፤ በ1937 በሐኪምነት ተመረቁ። በዚያው ዓመት አሊክስ ሪቻርድስ የተባሉትን፣ በደቡብ አፍሪካ የገበሬ ልጅ የነበሩትን ባለቤታቸውን አገቡ።

ብዙ ሳይቆይ ዓለም በጦርነት እሳት ተያያዘች። ዶክተር ዶናልድ በ1942 የብሪታንያን አየር ኃይል በሐኪምነት ተቀላቀሉ። አንድ ቀን አንድ የጦር አውሮፕላን ወድቆ ይነድዳል፤ ቦምቦቹ ገና ከውስጡ አልወጡም። ሐኪሙ ወደሚነድደው አውሮፕላን ገብተው በውስጡ የተያዙትን የአየር ኃይል ባልደረቦች አወጡ። ለዚህ ጀግንነታቸው በ1946 ከመንግሥት የክብር ሜዳልያ ተሰጣቸው።

ከሜዳልያው ይልቅ ለኋለኛው ሥራቸው የጠቀማቸው በሠራዊቱ ውስጥ ያዩት ነገር ነው። አየር ኃይሉ በሬዲዮ ሞገድ ነጸብራቅ ከደመና በላይ ያለን አውሮፕላን የሚያገኘው ራዳር ነበረው። ባሕር ኃይሉ ደግሞ በድምፅ ነጸብራቅ ከውኃ በታች ያለን ሰርጓጅ መርከብ የሚፈልገው ሶናር ነበረው። ዶናልድ ከልጅነታቸው ጀምሮ መሣሪያ መፈታታትና መገጣጠም የሚወድዱ ሰው ስለነበሩ ሁለቱንም በቅርብ አወቁ። የሥራ ባልደረቦቻቸውም ይህን የመሣሪያ ፍቅራቸውን እያዩ በቀልድ እብዱ ዶናልድ እያሉ ይጠሯቸው ነበር።

ጦርነቱ ሲያበቃ ሙያቸውን በማዋለድና በማኅፀን ሕክምና አደረጉ። በዚህ ጊዜ ልባቸውን የያዘው ግን እናቲቱ ሳትሆን፣ ተወልዶ መተንፈስ ያቃተው ጨቅላ ነበር። በተለይ ጊዜያቸው ሳይደርስ የሚወለዱ ሕፃናት ሳንባቸው ስላልበሰለ፣ አየር ለመሳብ ሲታገሉ የጎድን አጥንታቸው ወደ ውስጥ እየገባ፣ ከንፈራቸው እየጠቆረ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ይሞቱ ነበር። የዘመኑ ሕክምና ሕፃኑን ከማሞቅና ኦክሲጅን ከመስጠት ያለፈ ብዙ የሚያደርገው አልነበረውም።

በ1950ዎቹ መጀመሪያ ዶናልድ በለንደን ከፊዚዮሎጂ ተመራማሪዋ ከሞሪን ያንግ ጋር ሆነው የጨቅላ ሕፃን ትንፋሽ ምን ያህል እንደሆነ የሚለካ መሣሪያ ሠሩ። ከዚያም አልፈው ሕፃኑ ራሱ ለመተንፈስ የሚያደርገውን ደካማ ጥረት ጠብቆ፣ በዚያው ቅጽበት አየር የሚያግዝ የመተንፈሻ መርጃ አዘጋጁ። መሣሪያው በራሱ ምት ሕፃኑን አያስገድድም፤ የሕፃኑን ምት ይከተላል። ዛሬ በጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ያሉት የመተንፈሻ ማሽኖች ብዙዎቹ ይህንኑ አካሄድ ይጠቀማሉ። ስማቸው ከአልትራሳውንድ ጋር ብቻ ተያይዞ ስለሚነሣ ይህ የቀደመ ሥራቸው በአብዛኛው ይዘነጋል፤ ይሁን እንጂ በሞት አፋፍ ያለን ሕፃን ከአልጋው አጠገብ ቆሞ በመሣሪያ መርዳት የጀመሩት በዚህ ነው።

በ1954 የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የማዋለድ ሕክምና ፕሮፌሰር አድርጎ ሾማቸው። ግላስጎው የዚያን ጊዜ መርከብ የሚቀጠቀጥባት፣ የብረት ጭስ ሰማዩን የሚሸፍናት የሠራተኞች ከተማ ነበረች። ድኅነትና የፀሐይ እጦት ባመጣው የአጥንት መልፈስፈስ በሽታ ምክንያት ዳሌያቸው የተጣመመ ሴቶች ለትውልዶች በምጥ ሲሠቃዩባት ኖረዋል። የሕፃኑ ራስ ከእናቱ ዳሌ ጋር ተመጣጣኝ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ እዚያ የመኖርና የመሞት ጥያቄ ነበር። ሐኪሙ ይህን የሚያውቀው በእጁ ዳበሳ ነው። ራጅ ማንሣትም ይቻል ነበር፤ ሆኖም ጨረሩ ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል የሚለው ሥጋት በእነዚያው ዓመታት እየጎላ መጣ። በሆድ ውስጥ ስላለ እብጠትም ቢሆን ውኃ የቋጠረ ይሁን ሥጋ ያዘለ፣ ደግ ይሁን ክፉ፣ ብዙ ጊዜ የሚለየው ሆድ ከተከፈተ በኋላ ነበር።

ፋብሪካው ወደ ታሪኩ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ፕሮፌሰር ዶናልድ ካከሟቸው ሴቶች የአንዷ ባል ከግላስጎው ወጣ ብላ ባለችው በሬንፍሩ ከተማ ቦይለር በሚሠራ ባብኮክና ዊልኮክስ በሚባል ድርጅት ውስጥ ኃላፊ ነበሩ። በዚያ ፋብሪካ የብየዳ ስንጥቅ በድምፅ እንደሚፈለግ ፕሮፌሰሩ ሰሙ። እ.ኤ.አ ጁላይ 21 ቀን 1955 በቀዶ ሕክምና የወጡ እጢዎችን በሁለት መኪኖች የዕቃ መጫኛ አስጭነው ወደ ፋብሪካው ሄዱ። ከእጢዎቹ አንዳንዱ ውኃ የቋጠረ ከረጢት፣ አንዳንዱ ድፍን የማኅፀን እጢ ነበር። ድርጅቱ በበኩሉ ለማነጻጸሪያ የሚሆን ትልቅ የበሬ ሥጋ አዘጋጅቶ ጠበቃቸው። የቦይለር ሠራተኞች ከሐኪም ጋር ቆመው ሥጋና እጢ በብረት መመርመሪያ ሲመረምሩ ማየት ለተመልካች እንግዳ ነገር ሳይሆን አይቀርም።

የመሣሪያው አሠራር ግን ለእኛ አገር ሰው ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። ገበያ ወርዶ እንስራ የሚገዛ ሰው ሸክላውን በጣቱ አጥንት ቆርቆር አድርጎ ያዳምጣል፤ ደህናው ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። ከገደል ፊት ቆሞ የሚጣራ እረኛም የራሱን ድምፅ በገደል ማሚቶ መልሶ ይሰማል፤ ገደሉ ሲቀርብ ማሚቶው ቶሎ፣ ሲርቅ ዘግይቶ ይመጣል። አልትራሳውንድም የገደል ማሚቶ ነው። ልዩነቱ ድምፁ የሰው ጆሮ ከሚሰማው እጅግ የላቀ መሆኑ ነው። ጆሮአችን በሴኮንድ እስከ 20,000 ጊዜ የሚርገበገበውን ድምፅ ይሰማል፤ ለሕክምና የሚውለው በሚሊዮኖች የሚቆጠር ጊዜ ይርገበገባል። ይህን ድምፅ የሚያወጣውና የሚቀበለው ክሪስታል በኤሌክትሪክ ሲነካ ይርገበገባል፣ ሲርገበገብም ኤሌክትሪክ ይሰጣል። ይህን ጠባይ ፈረንሳውያኑ ወንድማማቾች ዣክና ፒየር ኩሪ በ1880 አሳዩ። ፖል ላንዥቫን ደግሞ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሰርጓጅ መርከብ ለመፈለግ ተጠቀመበት።

በሬንፍሩ የታየው ውጤት ከተጠበቀው በላይ ግልጽ ነበር። ውኃ የቋጠረው ከረጢት ድምፁን ያለ እንቅፋት ያሳልፍና ከወዲያኛው ግድግዳው ላይ ብቻ ማሚቶ ይመልሳል። ድፍኑ እጢ ደግሞ ከውስጡ ሁሉ የተበታተነ ማሚቶ ይሰጣል። ሆድ ሳይከፈት ሁለቱን መለየት እንደሚቻል ፕሮፌሰሩ የዚያን ዕለት ተረዱ።

በእርግጥ በዚህ መንገድ የመጀመሪያው ተጓዥ እርሳቸው አልነበሩም። ኦስትሪያዊው ሐኪም ካርል ዱሲክ ከዚያ በፊት ድምፅን በራስ ቅል ውስጥ አሳልፎ አንጎልን ለማየት ሞክሮ ነበር፤ ያገኘው ሥዕል ግን የአንጎል ሳይሆን የራስ ቅሉ አጥንት የፈጠረው መሆኑ በኋላ ታወቀ። በአሜሪካ ጆን ዋይልድ የጡትን እብጠት ይመረምር ነበር። በስዊድን ሉንድ ከተማ ደግሞ ሐኪሙ ኢንጌ ኤድለርና የፊዚክስ ሊቁ ሄልሙት ኸርትስ በ1953 የሚመታ ልብን እንቅስቃሴ በድምፅ መዘገቡ። የሚገርመው፣ እነርሱም መንገዱን የጀመሩት ከመርከብ ግንባታ ቦታ በተዋሱት የብረት መመርመሪያ ነው።

ግላስጎው ላይ ሥራውን ወደ ፍሬ ያደረሰው ከአንድ ወጣት ጋር የተደረገ ትውውቅ ነው። ቶም ብራውን ኬልቪን ሂውዝ በሚባለው የመሣሪያ አምራች ድርጅት የሚሠራ፣ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ያለ መሐንዲስ ነበር። አንድ ፕሮፌሰር የብረት መመርመሪያ በሰው ላይ እየሞከሩ ነው የሚል ወሬ በአጋጣሚ ደረሰው። ወጣቱ ማንንም ሳያስፈቅድ የፕሮፌሰሩን ስልክ ፈልጎ ደወለ። ሄዶ ሲያይ ፕሮፌሰሩ የሚሠሩበት ያረጀና ለሥራው የማይመች ዕቃ ሆኖ አገኘው፤ የተሻለ እንዲያገኙም አደረገ። ከዚያም የራሱን ሐሳብ አመጣ። ነጠላ የማሚቶ መስመር ከማንበብ ይልቅ፣ መመርመሪያው በሆድ ላይ ሲንቀሳቀስ ከየአቅጣጫው የሚመለሱትን ማሚቶዎች በየቦታቸው አስቀምጦ ሙሉ ሥዕል የሚስል ማሽን ሠራ። የመጀመሪያው ማሽን የተተከለው ታማሚ አልጋ ላይ ሆኖ በሚመገብበት ተራ የሆስፒታል ጠረጴዛ ላይ ነበር። ድምፁ በአየር ስለሚጠፋ በመሣሪያውና በቆዳው መካከል ክፍተት እንዳይኖር የታማሚዎቹን ሆድ በወይራ ዘይት ይቀቡ ነበር። ወጣቱ ሐኪም ጆን ማክቪካርም ሦስተኛ ሆኖ ተቀላቀላቸው።

የሙያ ባልደረቦቻቸው በሙሉ ልብ አልተቀበሏቸውም። ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ የበዛበት፣ ላልለመደ ዓይን ትርጉም የለሽ ነበር። ጣቱን የሚያምን ልምድ ያለው ሐኪም ይህን ሁሉ ብረት ምን ያደርግለታል የሚሉ ብዙ ነበሩ። ጥርጣሬውን የሰበረው ክርክር ሳይሆን አንዲት ታማሚ ናት።

ሴትዮዋ ሆዷ ተነፍቶ፣ ገላዋ ከስቶ፣ የያዘችውን እያስመለሰች በቀዶ ሕክምና ክፍል ተኝታ ነበር። በራጅ ታይቶ የጨጓራ ካንሰር ነው፣ ተሠራጭቷል፣ ቀዶ ሕክምናም አያድናትም ተብሏል። በዘመኑ እንዲህ ያለ ፍርድ የተሰጠበት ታማሚ ሥቃዩ እንዲቀልለት ከማድረግ በቀር የሚደረግለት የለም። ፕሮፌሰር ዶናልድ ተጠርተው መሣሪያቸውን ሆዷ ላይ ሲያደርጉ የታየው ግን የተበታተነ የካንሰር ማሚቶ አልነበረም። ጠርዙ ጥርት ያለ፣ ውስጡ ፈሳሽ የሞላበት አንድ ግዙፍ ከረጢት ነበር። ከዕንቁልጢ የበቀለ፣ ክፉ ያልሆነ እጢ ነው ማለት ነው። ሆዷ ተከፈተ፤ እጢው ወጣ፤ ለሞት የተተወችው ሴት ዳነች። ከዚያ በኋላ ማሽኑን የናቁት ሐኪሞች ሳይቀሩ ታማሚዎቻቸውን ይዘው ወደ ፕሮፌሰሩ መምጣት ጀመሩ።

እ.ኤ.አ ጁን 7 ቀን 1958 ዶናልድ፣ ማክቪካርና ብራውን ሥራቸውን ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አሳተሙ። ጽሑፉ የዚህችን ሴት ታሪክና በማኅፀን ያለ ጽንስን ምስል የያዘ ነበር። የአንድ መሐንዲስ ስም ከሁለት ሐኪሞች ስም ጋር ተሰልፎ መውጣቱ የሚያስመሰግናቸው ነው። ሆኖም ከዚያ ወዲህ በነበሩት ዓመታት ዓለም ፕሮፌሰሩን ሲያወድስ የቶም ብራውንን ስም ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ ትቶታል፤ ማሽኑን የሠራው ግን እርሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ በፍጥነት ተከታተለ። የጽንሱ ራስ ጥርት ያለ ማሚቶ እንደሚሰጥ ስለታወቀ፣ የራሱን ስፋት እየለኩ ጽንሱ በአግባቡ ማደጉን መከታተል ተቻለ። በዚህ ረገድ ባልደረባቸው ጄምስ ዊሎክስ ብዙ ደክሟል። የዳሌና የራስ አለመመጣጠን ባሠቃያት ከተማ ውስጥ ይህ ልኬት ምን ያህል ዋጋ እንደነበረው መገመት አያዳግትም።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ፕሮፌሰሩ አንድ ቀላል ነገር አስተዋሉ። በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ሳምንታት ማኅፀን ገና በዳሌ አጥንት መካከል ተደብቆ፣ በአንጀት አየርም ተሸፍኖ ስለሚገኝ ድምፁ አይደርስበትም። ፊኛዋ በሽንት የተሞላች ሴት ስትመረመር ግን ፊኛው አንጀቱን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ውኃው ራሱ የድምፅ መስኮት ይሆናል። ከዚያ ወዲህ ገና በጠዋቱ ያለ ጽንስን ማየት ተቻለ። ዛሬም ብዙ እናቶች በእርግዝናቸው መጀመሪያ ለአልትራሳውንድ ሲሄዱ ብዙ ውኃ እንዲጠጡና ሽንታቸውን ይዘው እንዲቆዩ ሲነገራቸው የዚያን ምክር መነሻ አያውቁም። ከግላስጎው የመጣ ነው።

በ1964 ፕሮፌሰሩ ለዓመታት ሲያቅዱት የነበረው የእናቶች ሆስፒታል ተከፈተ፤ በንግሥት እናት ስም ተሰየመ። ቦታውን ስንመለከት የመጀመሪያው ፍቅራቸው እንዳልተረሳ እንረዳለን። ሆስፒታሉ የተሠራው በዮርክሂል ከነበረው የሕፃናት ሆስፒታል አጥር አጠገብ ነው። ታምሞ የሚወለድ ሕፃን በአምቡላንስ ከተማ ሳያቋርጥ፣ ከእናቱም ሳይርቅ ወደ ሕፃናት ሐኪሞች እጅ እንዲገባ ነበር ዓላማው።

ይሁንና የፕሮፌሰሩ ማሽኖች በጽኑ ለታመመ ሕፃን ገና አይመቹም ነበር። ግዙፍ ብረት ናቸው፤ ሥዕሉም በአንድ ጊዜ ሳይሆን መስመር በመስመር ስለሚሳል ታማሚው ፀጥ ብሎ መተኛት ነበረበት። የሚያለቅስና የሚወራጭ ሕፃን ሥዕሉን ሁሉ ያበላሸዋል። በ1970ዎቹ እንቅስቃሴን በቅጽበቱ የሚያሳዩ ማሽኖች ሲስፋፉ ይህ ችግር ተቃለለ። ከዚያም የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ እያነሰ ሲሄድ ማሽኑ ከክፍል ወደ ጋሪ፣ ከጋሪ ወደ እጅ ወረደ።

ዱሲክን ያሰናከለው የራስ ቅልም በጨቅላ ዘንድ በር ተገኘለት። የሕፃን ራስ ላይ እርግብግቢት አለ፤ አጥንት ገና ያልገጠመበት ለስላሳ ቦታ ነው። ድምፅ በዚያ ያልፋል። ጊዜው ሳይደርስ የተወለደ ሕፃን አንጎሉ ውስጥ ደም ፈስሶ እንደሆነ ዛሬ ሐኪሞች ሕፃኑን ከማሞቂያው ሳያወጡ በእርግብግቢቱ በኩል ያያሉ። ልቡ በደንብ ይገፋ እንደሆነ፣ በልብ ሽፋን ውስጥ ፈሳሽ ታጭቆ ልቡን አፍኖት እንደሆነ፣ አንጀት በአንጀት ውስጥ ገብቶ እንደሆነ ከአልጋው ሳይነሣ ይታወቃል። ድርቀት ያደከመው ሕፃን ደም ሥሩ ሲጠፋ መርፌውን በትክክለኛው ቦታ ለማስገባትም ይረዳል።

ከሁሉ የዘገየው ሳንባ ነው። አየር ድምፅን ስለሚመልስ ሳንባ በአልትራሳውንድ አይታይም ተብሎ ለብዙ ዓመታት ተትቶ ነበር። የጨቅላ ሕፃናትን ትንፋሽ በማጥናት የጀመሩት ፕሮፌሰር፣ ለዓለም ያበረከቱት መሣሪያ ያንኑ ሳንባ የማያይ ሆኖ መቅረቱ የታሪክ ስላቅ ይመስላል። ከእርሳቸው ሞት በኋላ ግን ሐኪሞች ከሳንባ ላይ የሚነሡትን የሐሰት መስመሮች ማንበብ ተማሩ። ደህና ሳንባ አንድ ዓይነት መስመር ያሳያል፤ ውኃ ያዘለ ሳንባ ሌላ ያሳያል፤ የሳንባ ምች የያዘው ክፍል አየሩን አጥቶ እንደ ጉበት ድፍን ሆኖ ይታያል። ትንፋሽ ያጠረው ሕፃን የሚያስፈልገው ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ይሁን ፈሳሽ በመርፌ ማውጣት፣ በዚህ መለየት ይቻላል። በእርግጥ ይህ ሁሉ በመርማሪው እጅና ዓይን ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ያልሠለጠነ ሰው ይዞት ቢቆም ማሽኑ ሥዕል እንጂ ፍርድ አይሰጥም።

ፕሮፌሰር ዶናልድ ራሳቸው ጤነኛ ሰው አልነበሩም። የልብ ሕመም ስለነበረባቸው በሕይወታቸው ሦስት ከባድ የልብ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸዋል። በየመካከሉ ወደ ሥራቸው ይመለሱ ነበር። ቁጡና ቀልደኛ፣ በአንድ ጊዜ የሚወደዱና የሚፈሩ መምህር እንደነበሩ ይነገራል።

በሃይማኖታቸው ጽኑ ስለነበሩ ብሪታንያ በ1967 ጽንስ ማቋረጥን በሕግ ስትፈቅድ በአደባባይ ተቃወሙ። በማኅፀን የሚንቀሳቀሰውን የጽንስ ምስል ለዚህ ሙግታቸው ማስረጃ አድርገው ያቀርቡ ነበር። በዚህም ወዳጅም ጠላትም አፈሩ፤ ሥራቸውን የሚያከብሩ ብዙ ሐኪሞች በዚህ ጉዳይ አልተከተሏቸውም። ለሕክምና መመርመሪያ የተሠራው ሥዕል ከሐኪሙ ክፍል ወጥቶ የሕግና የኅሊና ክርክር ውስጥ የገባው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ነው።

በ1973 ሌላ ከፍ ያለ የክብር ሽልማት ከመንግሥት ተቀበሉ፤ በ1976 ጡረታ ወጡ። ከባለቤታቸው ጋር ወደ ምሥራቅ እንግሊዝ ኤሴክስ ሄደው ፓግልሻም በምትባል የውኃ ዳር መንደር ተቀመጡ። እ.ኤ.አ ጁን 19 ቀን 1987 በ76 ዓመታቸው በዚያው አረፉ፤ በመንደሩ የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢም ተቀበሩ። ያሠሩት የግላስጎው የእናቶች ሆስፒታል በ2010 ተዘግቶ አገልግሎቱ ወደ ሌሎች ሆስፒታሎች ተዛውሯል።